አራት ማዕዘን ሲጋር፦ መጨመቁ ምን ይለውጣል? እንዴትስ ይመዘናል?

ሲጋር በሚሸጥባቸው ቤቶች ከክቦቹ ጎን አራት ማዕዘን የሆኑም ተደርድረው ይታያሉ። በሙያው ሰዎች ዘንድ «ቦክስ ፕረስ» ይባላሉ፤ በሳጥን የተጨመቁ ማለት ነው። ስለ እነዚህ ሲጋሮች ሁለት የሚጋጩ ወሬዎች ይሰማሉ። አንዱ «ማሽን የሠራቸው ናቸው» ይላል። ሌላው «ምርጦቹና ውዶቹ እነሱ ናቸው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቅርጹ የሚመጣው ሲጋሩ ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላ ነው። በእጅ የተጠቀለለ ክብ ሲጋር እርጥበቱ ሳይለቀው ሲጨመቅ አራት ማዕዘን ይሆናል። ጥሩ ሲጋርም ይጨመቃል፣ መናኛ ሲጋርም ይጨመቃል።

ይህ ማለት ግን መጨመቁ ምንም አይለውጥም ማለት አይደለም። የሚለውጠው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል እንጂ ይለውጣል። ሲጋሩን መመዘን የሚፈልግ ሰው ስለ ጣዕም ከማውራቱ በፊት ሊፈትሽ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ሲጋር ከምን ይሠራል?

እዚህ የምናወራው በወረቀት ስለሚጠቀለለው ሲጋራ አይደለም። ሲጋር ከውስጥ እስከ ውጭ የትምባሆ ቅጠል ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ መሃሉን የሚሞሉትን ቅጠሎች ሙሌት፣ እነሱን ሰብስቦ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ከላይ የሚለብሰውን ደግሞ ሽፋን እንበላቸው። ሽፋኑ በጥንቃቄ የተመረጠ፣ ቀዳዳም ጠባሳም የሌለበት ቅጠል መሆን አለበት፤ ስለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ውዱ እሱ ነው።

ሙሌቱ የአንድ ዓይነት ቅጠል ጥቅል አይደለም። ከአንዱ የትምባሆ ተክል ላይ እንኳ የታችኛው፣ የመሃሉና የላይኛው ቅጠል ጠባያቸው ይለያያል። የኩባና የኒካራጓ ሠራተኞች የታችኛውን ቮላዶ፣ የመሃሉን ሴኮ፣ የላይኛውን ሊሄሮ ይሉታል። ቮላዶ ቀጭን ነው፤ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ሆኖ እሳት ግን በደንብ ይይዛል። ሴኮ መዓዛ ይሰጣል። ሊሄሮ ፀሐይ የጠገበ ወፍራም ቅጠል ነው፤ የሲጋሩ ኃይል የሚመጣው በአመዛኙ ከእሱ ነው። ሊሄሮ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጠቅላዩ፣ ማለትም ሲጋሩን በእጁ የሚጠቀልለው ሠራተኛ፣ ከመሃል ያስቀምጠዋል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ያ ጎን ሳይነድ ወደ ኋላ ይቀራል።

መጨመቁ እንዴት ይከናወናል?

የልማዱ መነሻ ኩባ ናት። ክብ ሲጋሮች በቀጫጭን የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ጥብቅ ብለው ይደረደሩና ክዳኑ ይጫናቸዋል። ጊዜ ሲያልፍ እርስ በርስ ተገፋፍተው ጎናቸው ጠፍጠፍ ይላል። የዚህ ዓይነቱ ሲጋር ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ከክብ ብዙም አይርቅም።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ቅርጹን አስበውበት ነው የሚያወጡት። ገና ያልደረቁት ሲጋሮች በእንጨት ማተሚያ ውስጥ በቀጫጭን ጣውላዎች መካከል ይደረደሩና ይጨመቃሉ። ከዚያ ይገለበጡና በሌላው ጎናቸው እንደገና ይጨመቃሉ። እንዲህ የተሠራው ጠርዙ ስለታም ይሆናል፤ ቆሞ ሲታይ እውነተኛ ካሬ ነው።

ቅርጹን በዘመናችን ገበያ ካስተዋወቁት አንዱ የፓድሮን ቤተሰብ ነው። ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን ከአብዮቱ በኋላ ኩባን ለቅቆ ማያሚ ገባ። በአናጢነት ሠርቶ 600 ዶላር አጠራቀመና በ1964 የራሱን ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1970 ምርቱን ወደ ኒካራጓዋ ኤስቴሊ ከተማ ወሰደ። በ1978 ሀገሪቱ በአመፅ ስትናወጥ ፋብሪካው ተቃጠለ፤ ተመልሶም ተሠራ። ድርጅቱ 30ኛ ዓመቱን ሲያከብር በ1994 ያወጣው «1964 አኒቨርሳሪ» የተጨመቀ ሲጋር ነበር፤ ቅጠሉ ቢያንስ አራት ዓመት እንዲቆይ ተደርጓል። ሐሰተኛ ቅጂ እንዳይሸጥበት እያንዳንዱ ሲጋር የራሱ ቁጥር ያለበት ቀለበት ታስሮበታል። ሰዎች አራት ማዕዘን ሲጋርን ከጥራት ጋር ማያያዝ የለመዱት ከእንዲህ ዓይነት ምርቶች ነው። እኔ እንደማየው ግን ያን ሲጋር ያስከበረው የቅጠሉ ዕድሜና የጠቅላዩ እጅ እንጂ አራቱ ጎኖቹ አይደሉም።

ሲጨመቅ በውስጡ ምን ይሆናል?

ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይገባል፤ ትንሽ ልቆይበት።

የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፍል ነው። 52 የሚባል ሲጋር ዲያሜትሩ 52/64 ኢንች፣ ማለትም 20.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው ወደ 65 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህን ክብ ሲጋር ጨምቀን ስለታም ጠርዝ ያለው ካሬ እናድርገው። ሽፋኑ ያው ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ዙሪያው አይለወጥም። 65 ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ጎን ከ16 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የተቆረጠው ፊት ስፋት ክብ ሳለ 334 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፤ ካሬ ሲሆን ወደ 263 ይወርዳል። ያው ቅጠል ከአምስት አንድ እጅ በጠበበ ቦታ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ጥበቱ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

ዋናው አየሩ ነው። ሲጋር የሚሳበው በቅጠሎቹ መካከል ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ነው። መጨመቅ እነሱን ያጠባል። ጠቅላዩ ለክብ ሲጋር በሚሞላው ልክ ከሞላው፣ ሲጨመቅ ይታፈናል፤ የሚስበው ሰው ጉንጩ እስኪጎደጉድ ይታገላል። ስለዚህ ሊጨመቅ የታሰበ ሲጋር ከመነሻው ላላ ተደርጎ መሞላት አለበት። በጣም ላላ ካሉትም ጭሱ ይሞቃል፣ ቶሎም ይነድዳል። የሲጋሩ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ልክ ነው፤ ልኩን የሚያውቀውም የጠቅላዩ ጣት ነው። ፋብሪካዎች ይህን በማሽን የሚፈትሹበት መንገድ አላቸው፤ አየር ስበው ሲጋሩ ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካሉ።

ሁለተኛው ሽፋኑ ነው። ጠርዝ ላይ ቅጠሉ በድንገት ይታጠፋል። ደረቅ ወይም ተሰባሪ ሽፋን በዚያ መታጠፊያ ይሰነጠቃል። የሚለጠጥ፣ ዘይት ያለው ቅጠል ነው የሚችለው።

ሦስተኛው እሳቱ ነው። በክቡ ሲጋር ከመሃል እስከ ሽፋኑ ያለው ርቀት በሁሉም አቅጣጫ እኩል፣ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በካሬው ግን እስከ ጎኑ 8፣ እስከ ጠርዙ ደግሞ ከ11 በላይ ነው። ስለዚህ እሳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይራመድም። በተጨመቀ ሲጋር ላይ የሚነድበት መስመር በጠርዞቹ ትንሽ ቢወላገድ የሚጠበቅ ነው፤ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። አንድ ጎን ሙሉ ወደ ኋላ ሲቀር ግን የአሞላል ችግር አለ።

«የተጨመቀ ሲጋር ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ጭሱም ቀዝቃዛ ነው» ሲባል ይሰማል። በደፈናው መቀበል አይገባም። የሚነድበትን ፍጥነት ከቅርጹ ይልቅ የቅጠሉ እርጥበት፣ የአሞላሉ ጥብቀትና የአጫሹ አሳሳብ ይወስኑታል።

ታዲያ ጣዕሙ ከየት ይመጣል?

ከአፈሩ፣ ከቅጠሉና ከማብላላቱ። ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ለሳምንታት ይቆያል፤ አረንጓዴነቱ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ ረጠብ ተደርጎ በትልቅ ክምር ይከመራል። ክምሩ ከውስጡ ይግላል። ሠራተኞቹ ሙቀቱን በቴርሞ ሜትር ይከታተላሉ፤ ሲበዛ ክምሩን አፍርሰው የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ አድርገው መልሰው ይከምሩታል። በዚህ ሂደት አሞኒያ ይወጣል፣ ጥሬ ምሬቱም ይለዝባል። ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ሽፋን ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜና በበለጠ ሙቀት የተብላላ ነው።

የአፈሩ ልዩነት በኒካራጓ ጎልቶ ይታያል። የኤስቴሊ ቅጠል ኃይለኛ ነው። ወደ ሆንዱራስ ድንበር የተጠጋው የሃላፓ ሸለቆ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ቅጠል ይሰጣል። ኮንዴጋ በመካከላቸው ነው። በሐይቅ መሃል ያለችው የኦሜቴፔ ደሴት አፈር ደግሞ የእሳተ ገሞራ ነው። ቀማሚው እነዚህን መጥኖ ያጣምራል። አሞኒያው ያልወጣለት ቅጠል ክብም ሆነ ካሬ አፍንጫ ይሰረስራል፤ መጨመቅ ጥሬውን አያበስለውም።

ጭሱ ወደ ሳንባ ካልገባ ይጎዳል?

አዎ፣ ይጎዳል። የሲጋር ጭስ ከሲጋራ ጭስ የተለየ ነው፤ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) በመሆኑ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይገባም እንኳ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ሲጋር የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የማንቁርትና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በኢትዮጵያም በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ትምባሆን ማስተዋወቅንና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። የማያጨስ ሰው ለመቅመስ ብሎ የሚጀምርበት ምክንያት የለም። የሚቀምስም ሰው ሲጋሩን እስከ መጨረሻው እንዲጨርስ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ሳይለኮስ ምን ይታያል?

ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት፤ አራቱንም ጎኖች። ክብ ሲጋር ሲዳሰስ አንድ ዙር ይበቃዋል፤ ካሬው ግን በአንዱ ጎን ደህና ሆኖ በሌላው ጠጣር ሊሆን ይችላል። ድንጋይ የመሰለ ጠጣር ቦታ ካለ አየሩ እዚያ ይታፈናል። ስፖንጅ የመሰለ ለስላሳ ቦታ ከሆነ ቅጠል ጎድሎታል። ከዚያ ጠርዞቹን በብርሃን ይዩ፤ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ እሳቱ ሲደርስባት ትከፈታለች።

ስንጥቁ የሠራተኛው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ባለው ሳጥን ይቀመጣል። በበጋ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀንና ሌሊት ኤሲ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ተከፍቶ የከረመ ሲጋር ይደርቃል፤ ሲደርቅም ቀድሞ የሚለቀው ጠርዙ ነው። በሙቀት ከተቀመጠ ደግሞ የትምባሆ ነቀዝ ይፈለፈልበታል። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካዩ ያ ነው።

ሲቆረጥ ወደ አፍ ከሚገባው ጫፍ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይነሣ፤ ያን ጫፍ የሚዘጋው የቅጠል ቆብ ከሚያልቅበት መስመር ካለፈ ሽፋኑ ይተረተራል። ሳይለኮስ አንዴ ይሳቡት። ሁለት ነገር ይነግርዎታል፤ አየሩ ምን ያህል እንደሚታገልና የጥሬው ቅጠል ጣዕም ምን እንደሆነ።

እንዴት ይቀመሳል?

ነበልባሉ ቅጠሉን ሳይነካ በቅርብ ርቀት ይያዝ፤ ሲጋሩን እያዞሩ አራቱንም ጠርዞች ያዳርሱ። ብዙ ሰው መሃሉን ብቻ ያቀላና ጠርዞቹን ይተዋቸዋል፤ ከዚያ እሳቱ ተንሻፈፈ ብሎ ፋብሪካውን ይወቅሳል። ቤንዚን የሚሸት ላይተር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያበላሻል፤ ክብሪት ወይም የጋዝ ላይተር ይሻላል።

በደቂቃ አንዴ ገደማ መሳብ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ የተሳበ ሲጋር ይግላል፤ የጋለ ሲጋር ሁሉ መራራ ነው፤ ያን ምሬት በቀማሚው ላይ መመዝገብ ፍርድ ማጉደል ነው።

ምላስ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ መራራ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም። የቀረው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀማሾች ጭሱን አፋቸው ውስጥ አቆይተው፣ ሳይውጡትና ወደ ሳንባ ሳያስገቡት፣ ጥቂቱን በአፍንጫ ያወጡታል። የቁንዶ በርበሬ የሚመስለው ማቃጠል የሚሰማው እዚህ ነው። ይህ ማቃጠል ጣዕምም ሽታም አይደለም፤ ፊታችን ላይ በተዘረጋ ሌላ ነርቭ የሚሰማ ስሜት ነው። በመጀመሪያ የሚያስነጥስ ከሆነ በጣም ትንሽ ጭስ ይበቃል።

ሦስት ነገሮች እንዳይደበላለቁ። አንዱ ኃይል ነው፤ ኒኮቲኑ በሰውነት ላይ የሚያደርገው፣ ራስን ቀለል፣ ሆድን ገፋ የሚያደርገው። ሁለተኛው የጭሱ ክብደት ነው፤ አፍ ውስጥ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ሦስተኛው ጣዕሙ ነው። ኃይሉ ትንሽ፣ ጣዕሙ ግን የበረታ ሲጋር አለ። «ጠንካራ ነው» ብሎ ማለፍ ከሦስቱ የትኛውን እንደሆነ ለአንባቢ አይነግረውም።

ሲጋር ሲነድ ይለወጣል፤ ሙቀቱ ወደ አፍ ይቀርባል፣ የተረፈውም ቅጠል ጭሱን እየጠጣ ይሄዳል። ቀማሾች ማስታወሻቸውን በሦስት የሚከፍሉት ለዚህ ነው፦ መጀመሪያ፣ መሃል፣ መጨረሻ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት የሆነ ሲጋር የግድ መጥፎ አይደለም፤ ግን የሚጻፍለት አጭር ነው።

በየመካከሉ ውኃ መጎንጨት ይረዳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከተበላ በኋላ መቅመስ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ምላሱ ሥራ ላይ ነው።

ጣዕሙን በምን ቃል እንግለጸው?

«ካካዎ»፣ «ቆዳ»፣ «አፈር» የሚሉት መግለጫዎች ብዙ ሰው ያስቃሉ ወይም ያስጠረጥራሉ፤ ካካዎ ጨመሩበት ወይ? አልተጨመረም። የይርጋጨፌ ቡና አበባና ሎሚ ይሸታል ሲባል ማንም አበባ እንዳልነሰነሰበት እናውቃለን፤ በፍሬው ውስጥ ያለው መዓዛ ያንን ሽታ ያስታውሰናል። በትምባሆም ነገሩ ይኸው ነው።

በውጭ አገር ዝርዝሮች ላይ ያሉትን ቃላት መሸምደድ አያስፈልግም። ከራሳችን ጓዳ የምናውቀው ሽታ በቂ ነው፣ ይበልጣልም። የተቆላ ገብስ፣ ቡና ምጣድ ላይ ሊጠቁር ሲል የሚሰጠው ሽታ፣ ኮረሪማ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አዲስ ቆዳ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ያረጀ የእንጨት ሣጥን። ምሬትም አንድ ዓይነት አይደለም። የጌሾ ምሬት ንጹሕ ነው፤ ቶሎ ያልፋል። የከሰለ ነገር ምሬት ግን ምላስ ላይ ይጣበቃል። የመጀመሪያው የቅጠሉ ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሙቀት ወይም የታፈነ አሳሳብ ምልክት ነው። ይህን አንድ ልዩነት በትክክል የጻፈ ቀማሽ አሥር የፍራፍሬ ስም ከደረደረው ይልቅ ይጠቅመናል።

ነጥብ የሚሰጠው እንዴት ነው?

በ1992 በአሜሪካ የተመሠረተው «ሲጋር አፊሲዮናዶ» መጽሔት ከ100 ነጥብ የመስጠትን ልማድ አስፋፋ። ሲጋሮቹ የምርት ቀለበታቸው ተነሥቶ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ለቀማሾቹ ይቀርባሉ። የሚመዘኑትም በመልክና በአሠራር፣ በጣዕም፣ በአነዳድና በአሳሳብ፣ በመጨረሻም በአጠቃላይ ስሜት ነው። ከ90 በላይ ያገኘ የላቀ ይባላል፤ ከ70 በታች የወረደ ገንዘብ የማይገባው።

ስሙን መደበቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋጋና ዝና ምላስን ያታልላሉ። ለአራት ማዕዘኑ ሲጋር ግን ይህ ዘዴ አንድ ክፍተት አለው። ቀለበቱ ይነሣል፤ ቅርጹ አይነሣም። ዓይን ቢሸፈን እንኳ ከንፈር ይለየዋል። «የተጨመቀ ምርጥ ነው» ብሎ የሚያምን ቀማሽ ስሙን ባያውቅም ገና ሲነካው ልቡ ያዘነብላል፤ «ማሽን የሠራው ነው» የሚለውም እንዲሁ በተቃራኒው።

ለዚህ የሚሆነው መንገድ ቅርጹ የሚነካቸውን ነገሮች ለብቻቸው፣ ከጣዕሙ በፊት መመዝገብ ነው፦ አራቱ ጎኖች ሲዳሰሱ፣ ጠርዞቹ ሲታዩ፣ አየሩ ሲሳብ፣ የመጀመሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲነድ። እነዚህ በዓይንና በጣት የሚረጋገጡ ናቸው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ሲጋር ቢይዝ ያንኑ ያያል። ጣዕሙ በሌላ ገጽ ይጻፍ፤ እዚያም «ካሬ» የሚለው ቃል አይግባ። ከዚያ ከዚያው ሳጥን ሁለተኛ ሲጋር በሌላ ቀን ይቀመስ። በእጅ የተጠቀለለ ስለሆነ አንዱ ታፍኖ ሌላው እንደ ልብ ሊሳብ ይችላል፤ በአንዱ ብቻ የተሰጠ ነጥብ የዚያ ሲጋር እንጂ የሳጥኑ አይደለም።